ቡሃቃውን ማጠብ፣ እርሾውን አለመድፋት
(ከምንጭ ጽሑፍ በሚገነባ ሊኑክስ ላይ የዲስክ ቦታ አያያዝ)

በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው «በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም» የሚለውን መልእክት አንድ ቀን ሳያይ አይቀርም። መልእክቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተመልካቹ ጠባይ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገና እንዳየው እጁ ወደ መደምሰሻው ትእዛዝ ይሮጣል። ሌላው «ቆይ እስቲ፣ የሞላው በምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚመለስ ማሳየት ነው።

ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት የሚጠብቃችሁ ኮምፒዩተር አዲስና ዲስኩ ሰፊ ይሆናል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም። ምናልባት 20 ጊጋባይት ዲስክ ያለው አሮጌ ማሽን ይሰጣችሁ ይሆናል። ከምንጭ ጽሑፍ የሚገነባ ሊኑክስ የተጫነበት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ያም ሆኖ ማሽኑ ይሠራል፤ ብልሃቱን ለሚያውቅ።

ለምሳሌነት የመረጥነው ጄንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው። መሥራቹ ዳንኤል ሮቢንስ ሲሆን ሥራው በመጀመሪያ ኢኖክ ይባል ነበር። 1.0 የተሰኘው እትም እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ስሙም በዋና ፍጥነቱ ከሚታወቀው ከጄንቱ ፔንግዊን የተወሰደ ነው። በጄንቱ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስገባውና የሚያስወጣው ሥርዓት ፖርቴጅ ይባላል፤ ለእርሱ የምንሰጠው ዋና ትእዛዝ «ኢመርጅ» ነው። በዚህ ጽሑፍ የትእዛዞችንና የማኅደሮችን ስም በድምፃቸው መሠረት በፊደላችን ጽፈናል።

ሀ. ይህን ያህል ቦታ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የተጋገረ እንጀራ ከገበያ እንደሚገዛ ቤት ናቸው። ፕሮግራሙ ሌላ ቦታ ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ መሶብ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ጄንቱ ግን ጤፉን ገዝቶ፣ ነፍቶ፣ አስፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ ራሱ ጋግሮ የሚበላ ቤት ነው። የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ያወርዳል፤ በራሱ ማሽን ላይ በኮምፓይለር ይገነባዋል፤ ከዚያም ያስቀምጠዋል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ራሱ የሚጋግር ሰው እንደሚወደው አድርጎ ይጋግራል፤ የማይፈልገውን አይጨምርም። ጉዳቱም እንዲሁ ግልጽ ነው። እንጀራ ገዝቶ የሚበላ ሰው የሚያስፈልገው መሶብ ብቻ ሲሆን፣ የሚጋግር ሰው ግን ጎተራ፣ ወንፊት፣ ቡሃቃ፣ ምጣድ፣ የማገዶ ማስቀመጫ ሁሉ ያስፈልገዋል። ሊጥ ደግሞ ሲቦካ ኩፍ ይላል። ሊብረኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራም ተሠርቶ ካበቃ በኋላ የሚይዘው ቦታ በመቶዎች በሚቆጠር ሜጋባይት የሚለካ ነው፤ በሚገነባበት ሰዓት ግን ከአምስት ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ይጠይቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ በእንዲህ ያለ ሥርዓት ላይ ዲስኩ የሚሞላው በተቀመጠው ነገር ብቻ ሳይሆን በሥራ ሒደቱም ጭምር ነው። ስለዚህ «ምን ተቀምጧል?» ብቻ ሳይሆን «ምን በመሠራት ላይ ነው? ከሥራው ምን ተርፏል?» ብለን እንጠይቃለን።

ለ. ከመደምሰስ በፊት መለካት

ሐኪም የሕመምተኛውን ሙቀት ሳይለካ መድኃኒት አያዝም። እኛም አራት ነገር እንለካለን።

1ኛ. «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ በእያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ላይ ስንት እንደተያዘና ስንት እንደቀረ ይነግረናል። የትኛው ክፍል እንደሞላ ሳያውቁ ሌላውን ክፍል ማጽዳት የጎረቤትን ግቢ ጠርጎ የራስን ቆሻሻ እንደመተው ነው።

2ኛ. «ዲዩ» የተባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ማኅደር ክብደት ይመዝናል። ከትልቁ ማኅደር ጀምረን ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ እንገባለን። ብዙውን ጊዜ ዲስኩን የሞሉት ሦስት ወይም አራት ማኅደሮች ብቻ ሆነው ይገኛሉ።

3ኛ. «ዲኤፍ»ን ከ«አይ» ምልክት ጋር ስናዝዘው የሚቆጥረው ቦታን ሳይሆን የፋይል መዝገቦችን ነው። እነዚህ መዝገቦች አይኖድ ይባላሉ፤ አንድ ፋይል ቢያንስ አንድ መዝገብ ይፈልጋል። ኢኤክስቲ4 በተባለው የፋይል ሥርዓት ላይ የመዝገቦቹ ቁጥር ዲስኩ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ይወሰናል። እንደ ልማዱ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ መዝገብ ይመደባል። ስለዚህ 1 ጊጋባይት ስፋት ያለው ክፍል 65,536 መዝገቦች ብቻ ይኖሩታል። መዝገቡ ካለቀ፣ ቦታ ቢተርፍም «ቦታ የለም» የሚለው ያው መልእክት ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ግራ የሚጋባው፦ «እንዴ! ግማሹ ባዶ ነው ይላል እኮ!» ግማሹ ባዶ የሆነው መደርደሪያው ነው፤ ያለቀው የመዝገብ ካርዱ ነው።

4ኛ. የተያዘለትን ቦታና የተደበቀውን ቦታ መለየት ያስፈልጋል። ኢኤክስቲ4 እንደ ልማዱ ከመቶ አምስት እጁን ለዋናው አስተዳዳሪ ለሩት ይይዛል፤ በ20 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይህ 1 ጊጋባይት ነው። ይህን ማሳነስ ይቻላል፤ ሥርዓቱ ራሱ በተቀመጠበት ክፍል ላይ ግን ጥቂት መተው ይበጃል፤ የጭንቅ ቀን ቀለብ ነውና። በሌላ በኩል፣ የደመሰስነው ፋይል በአንድ ፕሮግራም ተከፍቶ ከነበረ፣ ያ ፕሮግራም እስኪዘጋ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። «ደመስሼው የለ! ቦታው ወዴት ሄደ?» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሐ. የቤቱን ዕቃ በየስሙ ማወቅ

አሁን ቤቱን ዞረን እንመልከት።

1. ቡሃቃው። ይህ «ቫር/ቲኤምፒ/ፖርቴጅ» የተባለው ማኅደር ነው። ፕሮግራም ሲገነባ ምንጩ የሚፈታውና የሚቦካው እዚህ ነው። ሥራው በደኅና ሲያልቅ ፖርቴጅ ራሱ ቡሃቃውን ያጥባል። ሥራው መሐል ላይ ከተሰናከለ ግን ሊጡ እዚያው ይቀራል፤ ፖርቴጅ ይህን የሚያደርገው ባለሙያው ገብቶ የስሕተቱን ምክንያት እንዲመረምር ብሎ ነው። እኛ መርምረን ስንጨርስ ካልደፋነው ጊጋባይቶችን ይዞ ይኮመጥጣል። መብራት ጠፍቶ የተቋረጠ ሥራም እንዲሁ ትራፊውን ትቶ ይሄዳል። እንግዲህ ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቡሃቃው ነው። ሲጸዳ የሚጠፋ ነገር የለም። ጥንቃቄው አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት «ኢመርጅ» በሥራ ላይ አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው። የሚቦካ ሊጥ አይደፋም።

2. ጎተራው። ይህ «ቫር/ካሽ/ዲስትፋይልስ» ነው። የወረዱት የምንጭ ጽሑፎች ታሽገው የሚቀመጡበት ነው። አንድ ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር አዲሱ ይመጣል፤ አሮጌው ግን አይወጣም፤ ስለዚህ ጎተራው ከዓመት ዓመት ይሞላል። «ሁሉንም ደምስሰው፤ ሲያስፈልግ መልሰህ ታወርዳለህ» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ምክሩ ገበያው ለቀረበው ሰው ትክክል ነው። ገበያው ለራቀው ግን ሌላ ነው። በኮምፒዩተር ክፍላችን በአንድ ሠልጣኝና በክፍሉ ኃላፊ መካከል የሆነውን እነሆ፦

— ጋሼ፣ ዲስኩ ሞላብኝ። ይሄን «ዲስትፋይልስ» የሚባለውን ልደምስሰው?
— ቆይ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ስንት ቀን ፈጀብህ ስታወርደው?
— ቀን ቀን መስመሩ ስለሚጨናነቅ ሌሊት ነው ያወረድኩት፤ ሦስት ሌሊት።
— ታዲያ ሦስት ሌሊትህን በአንድ መስመር ትእዛዝ ልትደፋው ነው?
— እና ምን ላድርግ፣ ጋሼ?
— ገለባውን ከፍሬው ለይ። ፍሬውን ተው፣ ገለባውን አውጣ።

ይህን የሚለይ መሣሪያ አለ። ጄንቱኪት ከተባለው ጥቅል ጋር የሚመጣው «ኢክሊን-ዲስት» ነው። እንዲሁ ሲታዘዝ የሚያስወጣው በፖርቴጅ ዝርዝር ውስጥ ከእንግዲህ ለማንኛውም ፕሮግራም የማያገለግሉትን ምንጮች ብቻ ነው። «ዲፕ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ግን ጠልቆ ይሄዳል፤ አሁን በማሽኑ ላይ ላሉት ፕሮግራሞች የማያስፈልገውን ሁሉ ያስወጣል። ሁለቱንም ከመፈጸም በፊት በ«ፕሪቴንድ» ማየት ይቻላል፤ ይኸውም ሳይደመስስ «ይህን ይህን እደመስስ ነበር» ብሎ እንዲዘረዝር ማድረግ ነው።

3. የሙያ መጽሐፉ። ይህ «ቫር/ዲቢ/ሪፖስ/ጄንቱ» ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም እንዴት እንደሚገነባ የሚገልጹ ኢቢልድ የተባሉ ትንንሽ ፋይሎች ከነተከታዮቻቸው ያሉበት ነው። ቁጥራቸው ከመቶ ሺህ በላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ዲስኩ ቦታ የሚያድለው በ4 ኪሎባይት ቁራሽ ነው እንበል። 1 ኪሎባይት ብቻ የሆነች ፋይልም ሙሉ ቁራሽ ትወስዳለች፤ ሦስቱ ባዶ ይቀራል። እያንዳንዷ ፋይል በአማካይ 2 ኪሎባይት ብታባክን፣ መቶ ሺህ ፋይል 200 ሜጋባይት ያህል አባከነ ማለት ነው። ከላይ ካየነው የመዝገብ ሒሳብ ጋር ስናያይዘውም፣ ለዚህ መጽሐፍ የ1 ጊጋባይት ክፍል ለብቻው ያዘጋጀ ሰው 65,536 መዝገብ ለመቶ ሺህ ፋይል እንደማይበቃ በግልጽ ያያል። መፍትሔው ክፍሉን ሲያዘጋጁ የመዝገቡን ቁጥር ማብዛት፣ ወይም መጽሐፉን ስኳሽኤፍኤስ በተባለ የታመቀ ፋይል ውስጥ አድርጎ ማንበብ ነው። በጊት የሚያድሱትም የታሪኩን ጥልቀት አንድ ብቻ ማድረጋቸውን ያረጋግጡ፤ የድሮ ለውጦች ታሪክ ለመጋገር አያስፈልግምና።

4. የከርነል ምንጭ። «ዩኤስአር/ኤስአርሲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። አንድ የዘመኑ ከርነል ምንጭ ሲፈታ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይይዛል፤ ሲገነባ ደግሞ ይጨምራል። ማሽኑ አራት ጊዜ ከታደሰ አራት ምንጭ ሊከማች ይችላል። እዚህ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፦ ፖርቴጅ አሮጌውን ምንጭ ቢያስወጣም፣ የሚያስወጣው ራሱ ያስቀመጣቸውን ፋይሎች ብቻ ነው። በግንባታው ጊዜ የተፈጠሩት ፋይሎች በአሮጌው ማኅደር ውስጥ ይቀራሉ። በ«ሊብ/ሞጁልስ» እና በ«ቡት» ያሉትም በእጅ የተሠራ ከርነል ውጤቶች እንዲሁ ይቀራሉ። እነዚህን በእጅ፣ ወይም «ኢክሊን-ከርነል» በተባለው መሣሪያ ማጽዳት ያስፈልጋል። ደንቡ፦ አሁን የሚሠራውን ከርነል በ«ዩኔም» ትእዛዝ ለይቶ ማወቅ፤ እርሱንና በደኅና መነሣቱ የተረጋገጠ አንድ የቀድሞ ከርነል ማስቀረት፤ ሌላውን ማስወገድ።

5. መሶቡ። ይህ የተገነቡት ፕሮግራሞች ራሳቸው ናቸው። እዚህ ቦታ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የማይፈለገውን ማስወጣት ነው። «ኢመርጅ»ን ከ«ዴፕክሊን» ጋር ስናዝዘው፣ እኛ ያልጠየቅነውንና የጠየቅነውም ሆነ የሥርዓቱ መሠረት የማይደገፍበትን ፕሮግራም ያስወጣል። ከዚያ በፊት ግን ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት፤ ዝርዝሩም በ«ፕሪቴንድ» መነበብ አለበት። ሁለተኛው መንገድ ከመነሻው አለመጨመር ነው። «ዩዝ» የሚባሉት ምልክቶች ለእያንዳንዱ ፕሮግራም «ይህ ይግባበት፣ ይህ ይቅርበት» ማለት ያስችላሉ። ማተሚያ ለሌለው ክፍል የማተሚያ ድጋፍ ምን ያደርጋል? የቋንቋዎችንም ነገር እንመልከት። «ሎካል.ጄን» የተባለው ዝርዝር ባዶ ከሆነ ማሽኑ የሚያውቃቸውን ቋንቋዎች ሁሉ ያዘጋጃል። አማርኛና እንግሊዝኛን ብቻ ብንጽፍበት የሌሎቹ ቦታ ይተርፋል።

6. ልዩ ልዩ። «ሲካሽ» የተባለው የግንባታ ማፋጠኛ ልክ ካልተበጀለት እስከ 5 ጊጋባይት ይይዛል፤ በጠባብ ዲስክ ላይ ልኩን ማሳነስ ወይም መተው ይሻላል። በ«ቫር/ሎግ» ያሉት የክንዋኔ መዝገቦችም ካልተገደቡ ያድጋሉ። «ቫር/ካሽ/ቢንፒኬጂስ» ውስጥ ያሉ የተዘጋጁ ጥቅሎች ካሉ «ኢክሊን-ፒኬጂ» በሚባለው ይጸዳሉ።

መ. እርሾው

እስካሁን የዘረዘርናቸው ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ቢጠፉ በሥራ ወይም በማውረድ ይተካሉ። በቤቱ ውስጥ ግን ትንሽ ሆና የማትተካ ነገር አለች፤ እርሾዋ ናት። በጄንቱ ላይ እርሾ የሚባሉት ሦስት ናቸው።

አንደኛው «ቫር/ዲቢ/ፒኬጂ» ነው፤ በማሽኑ ላይ ምን ምን እንዳለና እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ነው። ሁለተኛው «ቫር/ሊብ/ፖርቴጅ/ወርልድ» የተባለ ፋይል ነው፤ ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ የጠየቃቸው ፕሮግራሞች ስም የተጻፈበት ነው። ሦስተኛው «ኢቲሲ» ነው፤ የማሽኑ ደንብና አስተካከል ሁሉ ያለበት ነው።

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የራሱን ስሕተት ይናገራል። እሑድ ሌሊት ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ለሠላሳ ያህል ተማሪ የተግባር ትምህርት ይጠብቀኛል። ማሽኑ 20 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ነው። የድረ ገጽ ማንበቢያውን ሳስገነባ አምሽቼ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያ የታወቀ መልእክት መጣ። ደክሞኛል፤ ተናድጃለሁ። «ዲዩ» ብዬ መዘንኩ፤ ግን በጥሞና አላነበብኩም። «ቫር/ዲቢ» ውስጥ ሁለት ማኅደሮች አየሁ፤ «ሪፖስ» እና «ፒኬጂ»። «ፒኬጂ» ማለት የአሮጌ ጥቅሎች ማከማቻ መሰለኝ። «ሲያስፈልግ ይወርዳል» ብዬ ደመሰስኩት።

የተገኘው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ግንባታውን እንደገና ሳዝዝ ግን ፖርቴጅ ረጅም ዝርዝር አወጣ፦ ከኮምፓይለሩ ጀምሮ ሁሉንም ፕሮግራም እንደ አዲስ ልገንባ አለ። ምክንያቱም መዝገቡ ሲጠፋ በቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ፕሮግራሞቹ ይሠራሉ፤ አስተዳዳሪው ግን ሁሉን ረስቷል። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼን በጠመኔና በሰሌዳ አስተማርኩ። ማሽኑን ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንት ፈጀብኝ። የሚያሳዝነው፣ በኋላ ስመለከት ቡሃቃው ውስጥ ከከሸፉ ሁለት ግንባታዎች የተረፈ 4 ጊጋባይት ሊጥ ተቀምጦ ነበር። የሚደፋው እያለ እርሾው ተደፋ።

ልብ በሉ፤ «ሪፖስ» እና «ፒኬጂ» ጎን ለጎን የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ቢጠፋ በአንድ የማደሻ ትእዛዝ ይመለሳል፤ ሌላው ግን አይመለስም። ስም መመሳሰልና ጉርብትና ዘመድ አያደርግም። ስለዚህ ሦስቱን እርሾዎች በየጊዜው አምቆ በሌላ መሣሪያ ላይ ማስቀመጥ የአስተዳዳሪው ግዴታ ነው። የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው፤ አንዲት ፍላሽ ትበቃለች።

ሠ. የሥራው ቅደም ተከተል

ዲስክ ሲሞላ የሚከተለውን ቅደም ተከተል በግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት።

አንድ፤ መለካት፦ የትኛው ክፍል? ቦታ ነው መዝገብ?
ሁለት፤ በሥራ ላይ ያለ ግንባታ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ቡሃቃውን ማጠብ።
ሦስት፤ አሮጌ የከርነል ምንጮችንና ትራፊዎቻቸውን ማስወገድ።
አራት፤ «ዴፕክሊን»ን በ«ፕሪቴንድ» አንብቦ መፈጸም።
አምስት፤ ጎተራውን በ«ኢክሊን-ዲስት» ማበጠር፤ መጀመሪያ ቀላሉን፣ ካልበቃ ብቻ «ዲፕ» የሚለውን።
ስድስት፤ እንደገና መለካት።

ጎተራው ወደ ኋላ የተቀመጠው በስሕተት አይደለም። ቡሃቃውና አሮጌው ከርነል ቢጠፉ የሚከፈል ዋጋ የለም፤ ከጎተራው የሚወጣው ግን አንድ ቀን ተመልሶ ሊፈለግና ሊወርድ ይችላል። የቅደም ተከተሉ ምሥጢር ይኸው ነው፦ ለመተካት ምንም ከማያስወጣው ጀምሮ ብዙ ወደሚያስወጣው መሄድ፤ የማይተካው ዘንድ ፈጽሞ አለመድረስ።

ረ. ቦታው ከመነሻው ለጠበበ

አንዳንዴ ሁሉም ተጸድቶ ቦታው አሁንም አይበቃም። ያን ጊዜ ሁሉንም ራሴ ልጋግር ማለት ግትርነት ነው። አማራጮቹ እነዚህ ናቸው።

ትልልቆቹን ፕሮግራሞች ተዘጋጅተው ከሚመጡት መምረጥ ይቻላል፤ በስማቸው መጨረሻ ላይ «ቢን» የሚል አላቸው። ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር፣ ሊብረኦፊስና ፋየርፎክስ እንዲህ ዓይነት አቻ አላቸው። ከዚህም ሌላ፣ የጄንቱ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 2023 ተዘጋጅተው የሚወርዱ ብዙ ጥቅሎችን በይፋ ማቅረብ መጀመራቸውን አስታውቀዋል። ስለዚህ ከምንጭ መገንባትና የተዘጋጀ መጠቀም ዛሬ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ «ዩዝ» ምልክቶቻችን ከተዘጋጀው ጥቅል ጋር መስማማት አለባቸው እንጂ።

ራሙ ሰፊ ለሆነ ማሽን ቡሃቃውን በራም ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ «ቲኤምፒኤፍኤስ» ይባላል። ትንንሾቹ ፕሮግራሞች ዲስኩን ሳይነኩ ይቦካሉ። ትልልቆቹን ግን ለይቶ ወደ ዲስክ መመለስ ያስፈልጋል፤ ራምም ይሞላልና። ቡሃቃውን በውጭ ዲስክ ላይ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ዲስኩ በሊኑክስ የፋይል ሥርዓት የተዘጋጀ ይሁን፤ ፋት በተባለው የተዘጋጀ ፍላሽ የፋይሎችን የባለቤትነት ፈቃድ ስለማይጠብቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ማሽኖች ካሉ፣ ዲስኩ ሰፊ የሆነው አንዱ ለሁሉም ይጋግር። እርሱ የገነባውን በጥቅል መልክ ሲያስቀምጥ፣ ሌሎቹ ከእርሱ ይወስዳሉ። አንድ ምጣድ ለመንደሩ በቃ ማለት ነው።

ሰ. የመልመጃ ምሳሌ

20 ጊጋባይት ዲስክ አለን እንበል። 1 ጊጋባይት ለሩት ተይዟል። የተገነቡ ፕሮግራሞች 9፣ ጎተራው 3፣ ሦስት የከርነል ምንጮች እያንዳንዳቸው 1 ሆነው በድምሩ 3፣ ከከሸፈ ግንባታ የተረፈ ሊጥ 4 ጊጋባይት ይዘዋል። ተደምሮ 20፤ ዲስኩ ሞልቷል። አሁን 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ የሚጠይቅ ፕሮግራም ልንገነባ እንፈልጋለን። ምን እናድርግ?

ቡሃቃውን ብናጥብ 4 ጊጋባይት እናገኛለን። ከሦስቱ ከርነሎች አሮጌውን አንዱን ብናስወግድ 1 ጊጋባይት ይጨመራል። ድምሩ 5 ነው፤ ጎተራውን አልነካንም፣ የቀድሞውም ከርነል ለክፉ ቀን ቀርቶልናል። ግን በልክ ብቻ መሥራት አይበጅም፤ ሊጥ ከልኩ ያልፋልና። ስለዚህ «ዴፕክሊን»ንና ቀላሉን የጎተራ ማበጠር ጨምረን ጥቂት ትርፍ እንይዛለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ትምህርት ቤት ፈጣን መስመር፣ ግን ጠባብ ዲስክ አለው። ሌላው ሰፊ ዲስክ፣ ግን ቀርፋፋ መስመር አለው። ስለ ጎተራው የምትሰጡት ምክር ለሁለቱ አንድ ነውን? ምክንያታችሁን ግለጹ።
2. «ዲኤፍ» ግማሹ ባዶ ነው ሲል ማሽኑ ቦታ የለም ቢል፣ ቀጥሎ ምን ትመረምራላችሁ?
3. «ቫር/ዲቢ/ሪፖስ» እና «ቫር/ዲቢ/ፒኬጂ» በምን ይለያያሉ? ለጀማሪ ተማሪ ልዩነቱን በየትኛው የቤት ምሳሌ ታስረዱታላችሁ?
4. ከማሽናችሁ ላይ እርሾዎቹን በፍላሽ የምታስቀምጡበትን ቀን ወስኑ፤ በቡድናችሁ መዝገብ ላይም ጻፉት።

ውድ ዕጩ መምህራን! የጠበበ ዲስክ አስተዳዳሪውን ያስተምረዋል፤ ያለውን እንዲያውቅ ያስገድደዋልና። ሰፊ ቤት ያለው ሰው ዕቃውን የት እንዳስቀመጠው ሊረሳ ይችላል። ጠባብ ቤት ያለው ግን እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ያውቃል። በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ፊት ቆማችሁ ካነበባችሁት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ሲደክማችሁና ሲመሽ አትደምስሱ። ጠዋት ተነሥታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ዝርዝሩን አንብባችሁ፣ ከዚያ ቡሃቃውን እጠቡ።